አበቅቴና መጥቅዕ በባለካሬ ወረቀት ላይ

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ እንደ ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ የዓመቱ ባሕረ ሐሳብ ይነገራል። ዘመኑ የትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ አበቅቴውና መጥቅዑ ስንት እንደሆኑ፣ ጾመ ነነዌ መቼ እንደምትገባ፣ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚውል ይታወጃል። ምእመኑ የበዓላቱን ቀን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉትን ቁጥሮች ግን ለሊቃውንቱ ይተዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የአካባቢው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ትምህርት ይጀምራሉ። በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን መምህራቸው ሰሌዳው ላይ ሁለት የሚቋረጡ ዘንጎች አስምሮ ግራፍ ያስተምራቸዋል። በሌላ ምዕራፍ፣ በሌላ ወር ደግሞ ቅርጽን ስለ ማንጸባረቅ፣ ስለ ማዞርና ስለ ማሸጋሸግ ይማራሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ስሌትና የሒሳብ ክፍሉ በአንድ ሰፈር እየኖሩ አይተዋወቁም። እኔ ግን ለዚህ ዕድሜ ልጅ ግራፍንና የጂኦሜትሪ ለውጦችን አንድ ላይ ለማስተማር ከአበቅቴና ከመጥቅዕ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ሥላሴ ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ሰፈር ነው። በካቴድራሉ ጥላ ሥር ያለው መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ያስተማረ ነው፤ እሳቸውም በ1993 ዓ.ም. «ባሕረ ሐሳብ» የተባለውን ትልቅ የዘመን ቈጠራ መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። ጥቂት ራመድ ሲሉ የአራት ኪሎው የሳይንስ ፋኩልቲ አለ፤ በግቢውም የምድር መንቀጥቀጥን የሚመዘግብ ኦብዘርቫቶሪ። የአገሪቱ የዘመናዊ ትምህርት በኵር የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ከዚሁ አይርቅም። ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ በራስ መኮንን ድልድይ አልፎ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ያደርሳል። አንድ የሒሳብ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በአንድ ጠዋት በእግሩ ሊዞረው የሚችለው ይህ ሰፈር ለግራፍም ለነጸብራቅም የሚሆን ሀብት ሞልቶታል።

መጀመሪያ ችግሩን እንየው። የ13 ዓመት ልጅ ግራፍ ሲቀርብለት የሚያየው ሥዕል ነው። ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ዳገት፣ የሚወርደው ቁልቁለት፣ ጠፍጣፋው ሜዳ ይመስለዋል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሩ የሚሄድ ሰው የተጓዘው ርቀት ከጊዜው ጋር በግራፍ ቢሠራና መስመሩ መሐል ላይ ለአምስት ደቂቃ ጠፍጣፋ ቢሆን፣ ልጁ «እዚህ ጋ መንገዱ ሜዳ ነው» ይላል። ሰውየው ግን ቆሟል፤ ጊዜው እየሄደ ርቀቱ አልጨመረም። ግራፉ ስለ መንገዱ አቀማመጥ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ሁለት ተለዋዋጭ መጠኖች አንዳቸው ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚሄዱ ብቻ ነው። ይህን አለመረዳት የእኛ ልጆች ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1979 በእንግሊዝ አገር ከ11 እስከ 16 ዓመት ባሉ ተማሪዎች ላይ ሰፊ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱ በ1981 በካትሊን ሃርት አርታዒነት በመጽሐፍ ወጣ። በዚያ መጽሐፍ ስለ ግራፍ የጻፈችው ዳፍኒ ከርስሌክ ብዙ ልጆች የርቀትና የጊዜን ግራፍ እንደ ተራራ መውጣትና መውረድ፣ እንደ መንገድ ካርታም እንደሚያነቡት አሳይታለች።

በዚያው መጽሐፍ ስለ ነጸብራቅና ስለ ዙረት የጻፈው ዲትማር ኩሽማን ነው። እሱ ያገኘው ነገር መምህራንን ሊያስቆም ይገባል። የመስታወቱ መስመር ቀጥ ብሎ የቆመ ወይም የተጋደመ ሲሆን ልጆች ቅርጹን ያለ ብዙ ችግር ያንጸባርቃሉ። መስመሩ ዘመም ሲል ግን ብዙዎቹ ይሳሳታሉ፤ መስመሩ ያዘነበለ መሆኑን ረስተው ቅርጹን በቀጥታ ወደ ጎን ወይም በቀጥታ ወደ ታች ይገለብጡታል። ሁለቱ ስሕተቶች ሥራቸው አንድ ነው። ልጁ ያለቀ ነገር ተሰጥቶታል፤ ግራፉን ነጥብ በነጥብ አልሠራውም፣ ነጸብራቁንም ወረቀት አጥፎ አላየውም። በእጁ ያልሠራውን ነገር ዓይኑ ቀድሞ በሚያውቀው መንገድ ይተረጉመዋል፤ ግራፉን እንደ ዳገት፣ ነጸብራቁን እንደ ግራና ቀኝ።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የሳተላይት ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲጀመር ይህ ችግር ይበልጥ ጎልቶ ወጣ። ግራፉ በስክሪኑ ላይ ተሠርቶ ይመጣል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይጠፋል። ተማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሣ ትምህርቱ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ መምህሩም ማስቆም አይችልም። የፍጥነቱ ነገር ያኔ በሰፊው ያነጋገረ ነው። ፕላዝማው ዛሬ ከአብዛኛው ክፍል ቢወጣም ያለቀውን ግራፍ ማሳየት ማስተማር ነው የሚለው ልማድ በጥቁር ሰሌዳውም ላይ ሲቀጥል አያለሁ። መምህሩ በጠመኔ አሳምሮ ይሠራል፣ ስልሳው ተማሪ ይገለብጣል። የተገለበጠው ግራፍ ቆንጆ ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን አንዲቷን ነጥብ ከየት እንዳመጣት ሲጠየቅ መልስ የለውም።

ስለዚህ ነጥቦቹን ራሱ ልጁ ማምጣት አለበት፤ ለዚህ ነው አበቅቴና መጥቅዕን የመረጥኩት። ስሌቱ መደመር፣ ማካፈል፣ ማባዛትና መቀነስ ለሚችል የ7ኛ ክፍል ልጅ አይከብድም። 2018ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል። ከተረፈው ላይ 1 ይነሣል፤ 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አበቅቴ 12። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 228፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ መጥቅዕ 18። ከማካፈሉ የተረፈው 1 ከሆነ ወንበሩ አልቦ ነው፤ ያን ጊዜ አበቅቴ 0፣ መጥቅዕ 30 ይሆናል። ምንም ካልተረፈ ደግሞ ወንበሩ 18 ነው። አሁን ያለንበት የ19 ዓመት ዑደት ከ2006 ተነሥቶ በ2024 ይፈጸማል። አሥራ ዘጠኙን ዓመት ለተማሪዎች አከፋፍሎ ማሠራት የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው፤ በስልሳ ተማሪ ክፍል ለሦስት ልጅ አንድ ዓመት ይደርሳል፣ ሦስቱም ስሌታቸውን ይተያያሉ።

ቀጥሎ ነጥቦቹ ወረቀት ላይ ይወርዳሉ። ባለካሬ ወረቀት ካልተገኘ የደብተሩን አግድም መስመሮች ይዞ በእኩል ርቀት ቋሚ መስመሮችን በማስመሪያ መጨመር ይበቃል። አንዱን ካሬ እንደ 2 ብንቆጥረው 15 ካሬ እስከ 30 ያደርሰናል፤ ልጁ በዚሁ ስለ ስኬል ይማራል። አበቅቴ በአግድም ዘንግ፣ መጥቅዕ በቋሚው። 2014 (28, 2) ላይ፣ 2015 (9, 21) ላይ፣ 2016 (20, 10) ላይ፣ 2017 (1, 29) ላይ፣ 2018 (12, 18) ላይ ያርፋሉ። ልጁ ነጥቦቹን ሲያስቀምጥ መጀመሪያ የተበተኑ ይመስሉታል፤ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው በኋላ ግን ሁሉም በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆናቸውን ዓይኑ ያያል። ከላይ ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ የሚወርድ መስመር። ለምን? የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው። ወንበሩ አንድ ጊዜ በ11፣ አንድ ጊዜ በ19 ተባዝቷል፤ ሁለቱ ብዜቶች ሲደመሩ የወንበሩ 30 እጥፍ ናቸው፣ ሠላሳው ደግሞ ይገደፋል። «ዋይ = 30 − ኤክስ» የሚለው እኩልታ ከመጽሐፍ የተሰጠ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ልጁ ራሱ የደረሰበት ነገር ይሆናል። አበቅቴ በአንድ ሲጨምር መጥቅዕ በአንድ ይቀንሳል፤ የመስመሩ ዘመም ማለት ይኸው ነው፤ ቁልቁለት የሚባል መንገድም የለም።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊያልፈው የማይገባ ጥያቄ አለ። ነጥቦቹን በማስመሪያ እናገናኝ ወይስ አናገናኝ? ልማዱ ማገናኘት ነው። እዚህ ግን በ(12, 18) እና በ(14, 16) መካከል መስመሩ ላይ ያሉት ነጥቦች ትርጉም የላቸውም። 13 ተኩል የሚባል አበቅቴ የለም፤ 13 ራሱ በ19ኙ ዓመት ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ይህ ግራፍ 19 ነጥብ ብቻ ነው፤ መስመሩ ለዓይን መምሪያ እንጂ የግራፉ አካል አይደለም። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት መዋሉ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ልጁ በ14 ላይ አግድም መስመር አስምሮ የመስከረሞቹንና የጥቅምቶቹን ነጥቦች ሊለይ ይችላል፤ አንዲትም ነጥብ በራሱ በ14 ላይ እንደማታርፍ ያኔ ያያል።

ነጥቦችን ማገናኘት የሚገባበትን ግራፍ ለማግኘት ደግሞ ጥቂት እርምጃ ነው። የአራት ኪሎው ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የምድር መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ሲሰማ ስንቶቻችን ከፎቅ እየሮጥን እንደወረድን ይታወሳል። መንቀጥቀጡ ሁለት ዓይነት ሞገድ በአንድ ጊዜ ይልካል፤ አንዱ ፈጣን፣ ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው። ፈጣኑ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቦታው በራቀ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው የሰከንድ ልዩነት ይሰፋል። በግምት እያንዳንዷ ሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ናት። 5 ሰከንድ ከሆነ 40 ኪሎ ሜትር፣ 10 ሰከንድ ከሆነ 80። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚርቀው ፈንታሌ ልዩነቱ 19 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ሰከንዱን በአግድም፣ ኪሎ ሜትሩን በቋሚው ብንይዝ ከመነሻው የሚነሣ ቀጥታ መስመር ይወጣል፤ «ዋይ = 8ኤክስ»። እዚህ በ5 እና በ10 መካከል 7 ሰከንድ ተኩልም አለ፣ 60 ኪሎ ሜትርም አለ። ነጥቦቹ መገናኘት አለባቸው። የ8ኛ ክፍል ልጅ እነዚህን ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን ይዞ «አንደኛው ለምን ተገናኘ፣ ሁለተኛውስ ለምን አልተገናኘም?» ለሚለው መልስ ከሰጠ፣ እኔ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የግራፍ ዕውቀት አልጨነቅም።

ወደ አበቅቴው ግራፍ እንመለስ፤ ትልቁ ሀብት ገና አልተነካም። ልጁ ከመነሻው ተነሥቶ ወደ ላይና ወደ ቀኝ እኩል የሚሄደውን መስመር ያስምር፤ (5, 5)፣ (10, 10)፣ (15, 15) የሚያልፍበትን። ይህ የመስታወት መስመር ይሁን። ኩሽማን ልጆች ይሰናከሉበታል ያለው ዓይነት ዘመም ያለ መስታወት ነው። አሁን የ2019ን ነጥብ፣ (23, 7)ን፣ በዚህ መስመር ያንጸባርቅ። የተሳሳተው ልጅ በቀጥታ ወደ ግራ ይሄዳል፤ (−9, 7) ላይ ያርፋል። ሌላው በቀጥታ ወደ ላይ ይሄዳል፤ (23, 39) ላይ ያርፋል። መምህሩ «ተሳስተሃል» ማለት አያስፈልገውም። ከዜሮ በታች የሆነ አበቅቴ፣ ከ30 የሚበልጥ መጥቅዕ የለም፤ ድምሩም 30 አልሆነም። ስሌቱ ራሱ ይመልሰዋል። ወረቀቱን በመስታወቱ መስመር ላይ አጥፎ በብርሃን ሲያየው ነጥቡ (7, 23) ላይ ያርፋል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ቦታ ተለዋወጡ። ሠንጠረዡን ገልጦ ሲያይ (7, 23) የ2023 ነጥብ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን አይቶ የማይደነቅ ልጅ አላውቅም። ቀጥሎ ይሞክራል። 2018 (12, 18) ከ2024 (18, 12) ጋር፣ 2019 ከ2023 ጋር፣ 2020 (4, 26) ከ2022 (26, 4) ጋር ይንጸባረቃሉ፤ መሐል ላይ ያለው 2021 (15, 15) በራሱ በመስታወቱ ላይ ተቀምጧል። ሰባት ተከታታይ ዓመታት 2021ን መሐል አድርገው በመስታወት ተከፍለዋል። ከዚያ ልጁ 2017ን፣ (1, 29)ን፣ ያንጸባርቃል፤ (29, 1) ይሆናል፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ግን የለም። 2016ም፣ 2015ም፣ 2014ም እንዲሁ ጓደኛ የላቸውም። ለምን? ፈጣኑ ተማሪ ወንበሮቹን ይመልከት። የ2019 ወንበር 13፣ የ2023 ወንበር 17፤ ድምራቸው 30። የሚንጸባረቁት ዓመታት ወንበራቸው ሲደመር 30 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ወንበር ከ18 አይበልጥምና ጓደኛ ሊያገኙ የሚችሉት ከ12 ጀምሮ ያሉት ብቻ ናቸው፤ 12 ከ18፣ 13 ከ17፣ 14 ከ16፣ 15 ከራሱ። ይህ ማስረጃ ነው፣ በእውነተኛው የሒሳብ ትርጉም ማስረጃ፤ የ14 ዓመት ልጅ ሊደርስበትም ይችላል። ሌላም አለ። ሰባቱ ነጥቦች የሚተካኩት በራሱ በግራፉ መስመር ላይ እየሄዱ ነው፤ መስመሩ መስታወቱን በቀጥተኛ ማዕዘን ያቋርጠዋልና። ነጸብራቅ ማለት ወደ መስታወቱ በቀጥተኛ ማዕዘን ሄዶ ያንኑ ያህል ማለፍ መሆኑን ልጁ እዚህ በዓይኑ ያየዋል።

ይህን በትምህርት ቤቱ ግቢ ማሠራት የበለጠ ነው። ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ሜዳ ላይ ሁለት ዘንጎች በጠመኔ ይሰመሩ፣ የመስታወቱ መስመር በገመድ ይወጠር። አሥራ ዘጠኝ ልጆች ዓመታቸውን በወረቀት ይዘው ነጥባቸው ላይ ይቁሙ። 2020ን የያዘችው ልጅ ገመዱን በቀጥተኛ ማዕዘን አቋርጣ ያንኑ ያህል እርምጃ ስትሄድ 2022 የቆመበት ቦታ ትደርሳለች። 2017ን የያዘው ልጅ ደግሞ ማንም ያልቆመበት ባዶ ቦታ ላይ ይደርሳል። የቀሩት ተማሪዎች ዳኞች ናቸው። ለዚህ ፕሮጀክተርም መብራትም አያስፈልግም።

ሽግሽግም ከዚሁ ሠንጠረዥ ይወጣል። አሁን አግድሙ ዘንግ ዓመቱን፣ ቋሚው አበቅቴውን ይያዝ። 2009 ላይ 3፣ 2010 ላይ 14፣ 2011 ላይ 25 አለ፤ በየዓመቱ 11 እየጨመረ ይወጣል። 36 ሲሆን 30 ይገደፍና 2012 ላይ 6 ይሆናል። ከዚያ 17፣ 28። በ2006 የጀመረው የመጀመሪያው ሦስትዮሽ 0፣ 11፣ 22 ነበር። ሦስቱ ቁርጥራጮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የመጀመሪያውን 3 ዓመት ወደ ቀኝና 3 ወደ ላይ ብናሸጋሽገው ሁለተኛው ላይ ይገጥማል፤ ሁለተኛውን እንዲሁ ስናደርገው ሦስተኛው ላይ። ከዑደቱ መጨረሻ ላይ፣ ከ2024 ወደ 2025 ሲሻገር፣ አበቅቴ ከ18 ተነሥቶ 11 ሳይሆን 12 ጨምሮ 30 ይሞላና ወደ 0 ይመለሳል፤ ያቺ አንዲት መዛነፍ በ19 ዓመት አንዴ ትመጣለች። ከዚያ መላው ግራፍ 19 ዓመት ወደ ቀኝ ተሸጋሽጎ ይደገማል፤ ልክ ሽሮ ሜዳ በሚሸጠው የነጠላ ጥለት ላይ አንዱ ቁራጭ ዳሩን ይዞ እንደሚደጋገመው። አንድ ቅርጽ ሲሸጋሸግ ርዝመቱም ማዕዘኑም አይለወጥም፤ ቦታው ብቻ ነው የሚለወጠው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1872 ጂኦሜትሪ በለውጥ ውስጥ ሳይለወጥ የሚቀረውን የማጥናት ትምህርት ነው ብሎ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው።

በክፍል ውስጥ የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች እንዳሉ አልዘነጋሁም፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሃይማኖት ማስተማሪያ እንዳልሆነም አውቃለሁ። አበቅቴ ግን የሚመነጨው በ365ና በ354 መካከል ካለው የ11 ቀን ልዩነት ነው፤ የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት። በፒያሳው ኑር መስጊድ የሚሰግድ ቤተሰብ ልጅም ይህን ቁጥር ከቤቱ ያውቀዋል፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣልና። በ2015 መጋቢት 14፣ በ2016 መጋቢት 2፣ በ2017 የካቲት 22 ቀን ገባ። አንዱ ልዩነት 12፣ ሌላው 10 ነው፤ ነጥቦቹ በአንድ መስመር ላይ በትክክል አይተኙም፣ በመስመሩ ዙሪያ ይቆማሉ። ይህም ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ በሕይወት የምናገኛቸው አብዛኞቹ ግራፎች እንዲህ ናቸውና። ሁለቱ ልጆች ሁለቱን ግራፎች በአንድ ወረቀት ላይ ቢሠሩ አንደኛው ወደ ላይ፣ ሌላኛው ወደ ታች፣ ሁለቱም በ11 እንደሚሄዱ ያያሉ።

ዙረት ብቻ ቀረ፤ ለእሱ ፒያሳ እንውረድ። ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ ስምንት ማዕዘን በ45 ዲግሪ ሲዞር በራሱ ላይ ይገጥማል፤ ስምንት ዙረትና ስምንት የመስታወት መስመር አለው። ይህን መጽሐፉም ይናገራል። መጽሐፉ የማይናገረው በመስቀሎቻችንና በብራና መጻሕፍት ሐረግ ላይ ያለው ነገር ነው። ገመዶቹ እየተጠላለፉ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተፈራረቁ ሲሄዱ፣ ከሩቅ የሚታየው ቅርጽ ግራና ቀኙ እኩል ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን መስታወቱ ከላይ ያለፈውን ገመድ ከታች ካለፈው ጋር ያምታታዋል። እንዲህ የተፈራረቀ ጥልፍልፍ በዙረት በራሱ ላይ ሊገጥም ይችላል፤ በነጸብራቅ ግን ብዙውን ጊዜ አይገጥምም። ልጁ በስስ ወረቀት ላይ ገልብጦ፣ አዙሮና አጥፎ ይሞክረው። የእኛ ሐረግ ሠሪዎች በዙረትና በነጸብራቅ መካከል ያለውን ልዩነት በቀለም ጽፈው አስቀምጠውልናል።

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ የግራፉንና የጂኦሜትሪውን ምዕራፍ አትለያዩአቸው፤ ይህን ሠንጠረዥ በመካከላቸው አስገቡልን። መምህራን ሆይ፣ መጽሐፉ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ መስከረም ላይ የዓመቱ አበቅቴና መጥቅዕ ሲነገር የክፍላችሁ ልጆች ቀድመው አስልተው ይጠብቁት። ወላጅም ለልጁ የሚገዛው ባለካሬ ደብተርና ማስመሪያ ይበቃዋል። ሠንጠረዡ 19 መስመር ብቻ ነው፤ በ2024 ያልቅና በ2025 ከአልቦ ተነሥቶ እንደገና ይጀምራል።